ሌላ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ይሠራልን? የሰፈሬ ሰዎች ጥያቄና የእኔ መልስ

ባለፈው እሁድ በእድራችን ድንኳን ተሰብስበን ነበር። ጉዳዩ አንድ ነው። ሰፈራችን ሌላ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ይሠራለት ወይስ ያለው ይስፋፋ? ግማሹ ሰው ገና እጁን እንዳወጣ መሸ። ያልደረሳችሁ ጥያቄያችሁን በወረቀት ጽፋችሁ እንድትሰጡኝ ለመንኩ። አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ለማታውቁኝ፣ 31 ዓመት አስተምሬያለሁ። ከዚያ ውስጥ 9ኙን ዓመት ርዕሰ መምህር ነበርኩ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት አባል ነኝ እንጂ የወረዳው ሰው አይደለሁም። የምናገረው የራሴን ነው።

ሰፈራችን ከአያት አልፎ፣ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ጫፍ ላይ ነው። ኮንዶሚኒየሙን የተረከብነው በ2012 ነው። በዙሪያችን የማኅበር ቤቶች፣ ነባር የአርሶ አደር ቤቶችና አዳዲስ ሪል እስቴቶች አሉ። ወንዙን ከተሻገርን ሸገር ከተማ ነው።

ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

«ት/ቤቱ ሞልቷል እያልን እንጮሃለን። ግን ሞላ የሚባለው መቼ ነው? መለኪያ አለው?»

አለው። ለሁለተኛ ደረጃ የትምህርት ሚኒስቴር መለኪያ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው። የልጅ ልጄ ሴክሽን ውስጥ ለሁለት በተሠራ ዴስክ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። የዳር ልጆች በግማሽ ጎናቸው ነው የሚጽፉት።

ትልቁ ጉዳት ግን መቀመጫው ላይ አይደለም። ደብተር ላይ ነው። አንድ የሒሳብ መምህር 5 ሴክሽን ይዟል እንበል። በየክፍሉ 40 ልጅ ካለ 200 ደብተር ያርማል። 60 ካለ 300 ነው። ለአንዱ ደብተር 2 ደቂቃ ቢሰጥ 300ው 10 ሰዓት ይፈጅበታል። ይህን በየሳምንቱ የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ የቤት ሥራ መስጠት ይቀራል፤ ወይም ይሰጥና ሳይታይ ፊርማ ብቻ ይሆናል። ልጆቹ ደግሞ ይህን ቶሎ ይነቁበታል። ደብተራቸውን የሚያየው ሰው እንደሌለ ሲያውቁ መሥራት ያቆማሉ።

«እኔ ድሮ ስማር አንድ ት/ቤት ለስንት ሰፈር ይበቃ ነበር። አሁን ምን ተገኝቶ ነው በአንድ ጊዜ የጠበበው?»

ይህን ጥያቄ የጻፉትን አባት ማመስገን እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው የሕዝቡን መብዛት ብቻ ነው የሚያየው። ሌላም ምክንያት አለ።

በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ እስከ 8ኛ ነበር። 9ኛና 10ኛ አንድ እርከን፣ 11ኛና 12ኛ ደግሞ መሰናዶ ሆኑ። መሃል ላይ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበረ። ፈተናውን ተፈትኖ ብዙው ልጅ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። ወደ ሥራ የሚሄድም ነበር። መሰናዶ የሚገባው ጥቂቱ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ የሚማረው በሌላ ግቢ ነበር።

የ10ኛ ክፍል ፈተና ከ2012 ጀምሮ ቀረ። አሁን አደረጃጀቱ 6፣ 2፣ 4 ነው። ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ። 9ኛ የገባ ልጅ አራት ዓመት እዚያው ግቢ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ በየዓመቱ የሚገባው ልጅ ቁጥር ባይጨምር እንኳ ግቢው ውስጥ ያለው ልጅ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ክፍሎቹ የተሠሩት ግን ለድሮው አሠራር ነው።

ለውጡ መጥፎ ነበር እያልኩ አይደለም። በ16 ዓመቱ «በቃህ» የሚባል ልጅ ማየት ያመኝ ነበር። ነገር ግን ለውጡ ሲመጣ ክፍል አብሮ አልተጨመረም።

«የኮንዶሚኒየሙ ልጆች አድገው ሲያልቁ አዲሱ ት/ቤት ባዶ አይቀርም? ገንዘብ ማባከን አይሆንም?»

ከሁሉም ጥያቄ በላይ መልስ የሚገባው ይህ ነው። የእኔም ሐሳብ በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ት/ቤት ይሠራ አይሠራ የሚለውን ዛሬ 9ኛ ክፍል ያሉትን አይተን መወሰን የለብንም። መቆጠር ያለባቸው ዛሬ 6ኛ ክፍል ያሉት ናቸው።

አሁን 2018 ነው። ወረዳው ጥያቄያችንን በዚህ ዓመት ለ2019 በጀት ቢያስገባና ሁሉም ቢሳካ፣ ግንባታው 2019ንና 2020ን ይወስዳል። በሩ የሚከፈተው መስከረም 2021 ነው። በ2021 ማን 9ኛ ይገባል? ዛሬ 6ኛ ክፍል ያለ ልጅ። እነዚህ ልጆች ስም አላቸው፤ ዛሬ ጠዋት ተሰልፈው ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለዋል። በግምት የምናወራላቸው ልጆች አይደሉም። የመንግሥቱንም የግሉንም ት/ቤት ስም መጥሪያ አምጥቶ መቁጠር ይቻላል።

ከዚያ ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል በአካባቢው 400 የ6ኛ ክፍል ልጅ አለ እንበል። 400ን ለ40 ስናካፍል 10 ሴክሽን ይመጣል። ይህ ለ9ኛ ክፍል ብቻ ነው። ከኋላቸው የሚመጡትም ያው ከሆኑ፣ አራቱ የክፍል ደረጃዎች ሲሞሉ 40 ክፍል ያስፈልጋል። ያለውን ት/ቤት የክፍል ብዛት ከዚህ ላይ ቀንሱት። የጎደለውን ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ስጋትዎ ልምጣ። ማዕበሉ ያልፍ ይሆን? ቁልፍ በተረከብንበት ዓመት የተወለዱትን ተመልከቱ። በ2012 ተወልደው በ7 ዓመታቸው፣ በ2019 አንደኛ ክፍል ይገባሉ። 9ኛ የሚደርሱት በ2027 ነው። በ2027 ገና ይመጣሉ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተወለዱት አሉ። ከኛ ጀርባ እየተሠሩ ያሉት የማኅበር ቤቶችም ሰው አልገባባቸውም።

አንድ የማልክደው ነገር አለ። ቤቱን አከራይቶ የሚሄድ ብዙ ነው። ተከራይ ደግሞ ይቀያየራል። ስለዚህ ሁሉንም ባንድ ጊዜ መገንባት የለብንም። ቦታው ለሙሉ ት/ቤት ይከለል፤ ግንባታው በምዕራፍ ይሁን። መጀመሪያ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ብሎክ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መጸዳጃ ቤትና ውኃ ይሠራ። ቀሪው ልጆቹ 11ኛ ሲደርሱ ይደርሳል።

«ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። የከሰዓት ፈረቃ ሲደርሳት እየመሸ ነው የምትገባው። እስክትመጣ በረንዳ ላይ ቆሜ ነው። ፈረቃ ይቅር ማለት ቅንጦት ነው እንዴ?»

ቅንጦት አይደለም እህቴ። ፈረቃ የክፍል እጥረት የወለደው ነገር ነው፤ ማንም ይጠቅማል ብሎ አላመጣውም።

የሚያጎድለውን እንቁጠረው። ሙሉ ቀን የሚማር ልጅ በቀን 7 ክፍለ ጊዜ ያገኛል ብንል፣ በፈረቃ 6 ያገኛል። በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ጎደለ። የሳምንቱን የሒሳብ ትምህርት በሙሉ እንደማጣት ቁጠሩት። ከዚያ በላይ ደግሞ ከትምህርት በኋላ የሚቆዩበት ክፍል የለም። ማጠናከሪያ ትምህርት የት ይሰጥ? ክበብ የት ይሰብሰብ? የጠዋቱ ሲወጣ የከሰዓቱ በር ላይ ቆሟል። ክፍሉ እንኳ በቅጡ አይጠረግም።

የመንገዱ ነገር ደግሞ የሴት ልጅ እናት የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ነው። 11 ሰዓት ተኩል የወጣች ልጅ 40 ደቂቃ በእግሯ ከሄደች መንገድ ላይ ይመሽባታል። ከማኅበር ቤቶቹ ጀርባ ያለው መንገድ መብራት የለውም። ለሁለት ዓመት መሸጋገሪያ ፈረቃን እታገሣለሁ። ቋሚ አሠራር ሲሆን ግን አልቀበልም።

እስከዚያው ግን ዝም ብለን አንቀመጥ። የከሰዓቱ ፈረቃ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲገባና ቀደም ብሎ እንዲወጣ በህብረቱ በኩል ጠይቄያለሁ። የመንገድ መብራቱን ደግሞ የብሎክ ኮሚቴዎች ለወረዳው በጽሑፍ አቅርቡ። በቃል የተነገረ ነገር ይረሳል።

«በሙያዬ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ያለው ግቢ ሰፊ ነው። ጂ+4 ብሎክ ብንጨምርበት አይረክስም? ለምን አዲስ ግቢ?»

ይረክሳል። መሬት አይጠይቅም፣ አጥር አይጠይቅም። አንድ ርዕሰ መምህር፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ጥበቃ ይበቃዋል። ስብሰባው ላይ ይህን የተናገሩትን ሰዎች ሐሳብ አላጣጥለውም።

እኔን የሚያሳስበኝ የት/ቤቱ ግዝፈት ነው። 9 ዓመት ርዕሰ መምህር ስሆን ሁለት መልክ ያለው ት/ቤት አይቻለሁ። አንዱ ከ1,000 በታች ተማሪ ነበረው። ጠዋት በር ላይ ስቆም አርፋጁን በስሙ እጠራው ነበር። «እናትህ ተሻላት?» እለው ነበር። ሌላው ከዚያ ሦስት እጥፍ ነበር። እዚያ በመጀመሪያው ዓመት የማውቃቸው ልጆች የሚያጠፉትንና የሚሸለሙትን ብቻ ነበር። መሃል ላይ ያለውን ዝምተኛ ልጅ አላውቀውም። ትምህርት ያቆመ ልጅ መኖሩን የምሰማው ከወር በኋላ ነበር። አንዳንዱን ጭራሽ አልሰማሁም። ዩኒት ሊደሮቼ ጎበዞች ነበሩ፤ ግን ስንቱን ይያዙት?

ደግሞ አስቡት፣ አሁን ያለው ት/ቤት ከሰፈሩ አንድ ጫፍ ላይ ነው። ብሎክ ብንጨምርም ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣ ልጅ የሚሄድበት መንገድ አያጥርም። ስለዚህ አዲስ ግቢ ይሻላል ባይ ነኝ። ወንድሜ፣ ሙያህን ግን አትንፈገን። አንዱ የምፈልግህ ቦታ ከታች አለ።

«ሕንፃ ሠርተን መምህር ከየት ይመጣል? እኔ ራሴ መምህር ነኝ። የቤት ኪራይ ከፍዬ እዚህ ድረስ መመላለስ አቅቶኛል።»

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ሰው ብዙ ጊዜ የማያውቀው ነገር አለ። ሕንፃው የሚሠራው በካፒታል በጀት ነው። መምህሩ የሚቀጠረው በመደበኛ በጀት ነው። ሁለቱ የተለያየ ኪስ ናቸው። አንዱ ተፈቅዶ ሌላው ሊቀር ይችላል። ቀለሙ ያልደረቀ ሕንፃ ውስጥ የፊዚክስ መምህር አጥቶ አንድ መንፈቀ ዓመት የጨረሰ ክፍል አውቃለሁ። ወላጆች ሪባን ሲቆረጥ እልል ይላሉ። ኅዳር ላይ ነው ችግሩ የሚገባቸው።

ስንት መምህር? ቅድም ያልነውን 40 ሴክሽን እንያዝ። እያንዳንዱ ሴክሽን በሳምንት 35 ክፍለ ጊዜ አለው። 1,400 ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። አንድ መምህር 20 ክፍለ ጊዜ ቢይዝ 70 መምህር ያስፈልጋል። ለሕንፃው ስንፈርም ለ70 ሰው ደመወዝም አብረን መጠየቅ አለብን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጥያቄው ግን ከዚያ በፊት፣ በበጋው ወራት ተዘጋጅቶ መግባት አለበት። ሰኔ ላይ ብንሮጥ አንደርስም።

በ1997 የፕላዝማ ትምህርት ሲመጣ ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር። ጥሩ ጥሩ ምስል ያሳይ ነበር። ነገር ግን ልጁ ያልገባውን ሲጠይቅ ቴሌቪዥኑ አያቆምለትም። መብራት ሲጠፋ ክፍለ ጊዜው አብሮ ይጠፋል። መምህሩን የሚተካ ነገር እንደሌለ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ።

ስለ ቤትህ፣ የአዲሱ ት/ቤት ዕቅድ ውስጥ የመምህራን ማደሪያ ይካተት ብዬ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ዳር ላይ ላለ ት/ቤት ይህ ትርፍ ነገር አይደለም። ተቀባይነት ያግኝ አያግኝ ቃል አልገባልህም። እንዳልተወው ግን ቃል እገባለሁ።

«12ኛ ክፍል የሚያልፈው እፍኝ የማይሞላ ከሆነ ሌላ ሕንፃ ምን ይፈይዳል?»

ንዴቱ ይገባኛል። የ2014 ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በዚያ ዓመት ከ1,300 በላይ ት/ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። ትንሽ ነው፤ ግን ከፍ ብሏል።

እኔ ውጤቱን ሳየው ያለቀስኩት ለልጆቹ ነው። ጥፋቱ 12ኛ ክፍል ላይ አልተፈጠረም። ከታች ጀምሮ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ ቤተ ሙከራ፣ ደብተራቸው ሳይታረም ነው የመጡት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ፊዚክሱን ሳይሆን ቋንቋውን ሲታገል የሚውል ልጅ ብዙ ነው። 60 ልጅ ባለበት ክፍል አንድ ልጅ በሳምንት አንዴ እንኳ አፉን ከፍቶ እንግሊዝኛ የመናገር ዕድል አያገኝም።

ሕንፃ ብቻውን አያሳልፍም። ትክክል ናችሁ። አንድ የራሴን ልንገራችሁ። በአንድ ወቅት እሠራበት በነበረ ት/ቤት አዲስ ቤተ ሙከራ ተሠራልን። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን። ክፍሉ ውስጥ ቧንቧ አልነበረም። ሶኬቱ ሁለት ብቻ ነው። ኬሚካሉ በካርቶን መጣ። መደርደሪያ ስለሌለ ወለል ላይ ተደረደረ። በሁለተኛው ዓመት ክፍሉ የተሰበረ ዴስክ ማከማቻ ሆነ። ርክክቡ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ተቸኩሎ ነበር፤ እኔም «በኋላ ይስተካከላል» አልኩ። አልተስተካከለም። በነዚያ ዓመታት ያለፉ ልጆች ሊትመስ ወረቀት ቀለም ሲቀይር ሳያዩ ነው ኬሚስትሪ የተፈተኑት።

መሐንዲሱ ወንድሜን የፈለግሁት ለዚህ ነው። በርክክቡ ቀን አብሮን ይቁም። ውኃው ይከፈት፣ ይፍሰስ። ታንከሩ ሞልቶ ይታይ። ሶኬቱ ይሞከር። የሴቶች መጸዳጃ ቤት በሩ ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ ይታይ። ዊልቸር የሚጠቀም ልጅ ምድር ቤት ላይ ሁሉንም ማግኘት ይችል እንደሆነ ይታይ። ይህ ሳይሆን ማንም እንዳይፈርም።

«መሬቱ ከየት ነው? እኛ ነባሮቹ ለኮንዶሚኒየሙ ሰጥተናል፣ ለመንገዱ ሰጥተናል። አሁን ደግሞ ለት/ቤት ልቀቁ ልንባል ነው?»

ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ከእርስዎ በላይ የሚገባው የለም። እኛ ቁልፍ ስንረከብ የእርስዎ ጤፍ ማሳ ነበር።

እኔ የምደግፈው በፕላን ላይ ለትምህርት ተብሎ ቀድሞ በተያዘ ቦታ ላይ እንዲሠራ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በየሰፈሩ ፕላን ላይ ይኖራል። ችግሩ ጠባቂ የለውም። በሌላ ሰፈር ያየሁትን ልንገርዎት። ለት/ቤት የተያዘው ባዶ ቦታ መጀመሪያ ጠጠርና አሸዋ ተራገፈበት። ቀጥሎ ጊዜያዊ የተባለ የቆርቆሮ መጋዘን መጣ። ከዚያ ጋራዥ ሆነ። ከስድስት ዓመት በኋላ ት/ቤት ሲፈለግ ቦታው የለም ተባለ። ያኔ ነው አርሶ አደሩ ዳግመኛ የሚነሣው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችን ቦታውን በፕላን ላይ አይተን፣ በትምህርት ጽ/ቤቱ ስም ካርታ እንዲወጣለት መጠየቅ ነው። አጥር ይታጠር። ት/ቤቱ ቢዘገይ እንኳ ቦታው ይጠበቅ። ከዚያ በላይ የማንም ይዞታ ቢነካ ደግሞ ካሳውንና መልሶ ማቋቋሙን የሚደነግግ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 1161/2011 ይባላል። ልጅዎ ያንብብልዎት። ስብሰባ ሲጠራም ነባሮቹ ከፊት ተቀምጣችሁ ተናገሩ። እስካሁን ስብሰባችን የኮንዶሚኒየም ሰው ብቻ ይበዛበታል። ይህ የእኛ ጥፋት ነው።

«ከወንዙ ማዶ ያሉ ልጆችስ? ሸገር ከተማ ናችሁ ተብለው ይመለሳሉ?»

በ2015 ሸገር ከተማ ሲመሠረት ወሰኑ በእኛ አጠገብ አለፈ። አስተዳደሩ ሁለት ነው፤ በጀቱም ሁለት ነው። ልጆቹ ግን በአንድ ሜዳ ኳስ ይጫወታሉ። ከማዶ መጥቶ እዚህ የሚማር አለ፤ ከዚህ ሄዶ እዚያ የሚማርም አለ።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው በሁለቱም በኩል እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ መሻገሩ እንደ ታችኛው ክፍል አይከብድም። አፋን ኦሮሞ እንደ ትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ግን መምህር ያስፈልጋል። ያም ከ70ው ውስጥ ይቆጠር። የማዶ ልጆችን ሳንቆጥር ካቀድን በሁለተኛው ዓመት ሞልቶ እናገኘዋለን። ሁለቱ የትምህርት ጽ/ቤቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ጥሩ ነው። ሽማግሌ ልከን እንዲቀመጡ መጠየቅ እንችላለን።

«ልጆቼ የግል ት/ቤት ነው የሚማሩት። እኔን ይህ ጉዳይ ምን ያገባኛል?»

በሰፈራችን ያሉት የግል ት/ቤቶች አብዛኞቹ 8ኛ ላይ ያበቃሉ። ከዚያ በኋላ ወይ ልጆችዎን ጠዋት 12 ሰዓት ቀስቅሰው መሃል ከተማ ይልካሉ፣ ወይ እዚሁ ይመጣሉ። የእርስዎም የ6ኛ ክፍል ልጅ ይቆጠር።

«ለምን ቴክኒክና ሙያ አይሠራም? ሁሉም ዩኒቨርሲቲ አይገባ።»

ቴክኒክና ሙያ እወዳለሁ። ወንድ ልጄ በብየዳ ነው ቤተሰብ የሚያስተዳድረው። ነገር ግን ሙያው ውስጥ የሚገባውም ልጅ መጀመሪያ ሁለተኛ ደረጃ መማር አለበት። አንዱ ሌላውን አይተካም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 11ኛና 12ኛ ላይ የሥራና ቴክኒክ ትምህርት ገብቷል። ለዚያ የሚሆን ወርክሾፕ በፕላኑ ይካተት።

«መዋጮ ልንጠየቅ ነው? አቅም የለኝም።»

ማንም ልጅ ባልተከፈለ መዋጮ ከምዝገባ መመለስ የለበትም። የመንግሥት ት/ቤት ነው። ይህ ሲሆን ካያችሁ ለህብረቱ ንገሩ፤ እኔ ራሴ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።

በፈቃድ መስጠት ሌላ ነው። ሚኒስቴሩ በ2015 «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ የጀመረው ንቅናቄ ሕዝቡ ት/ቤቶችን በማሻሻል እንዲሳተፍ ነው። ያለው ይስጥ። ግን በሕጋዊ ደረሰኝ ይሁን፣ ምን ላይ እንደዋለም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከገንዘብ ይልቅ ሥራ ወይም ዕቃ የሚሰጥ ሰው ቢበዛ ደስ ይለኛል። ዴስክ መጠገን የሚችሉ አናጢዎች በሰፈራችን ስንት አሉ!

«ባጃጅ እነዳለሁ። ጠዋት ት/ቤቱ በር ላይ የሚደርሰውን መጨናነቅ አይታችኋል? አዲሱንስ አስፋልት ዳር ልትሠሩት ነው?»

አስፋልት ዳር አልፈልገውም። ሲኖትራክ የሚያልፍበት መንገድ ነው። የት/ቤቱ በር ወደ ውስጥ መንገድ ይዙር፣ የባጃጅና የታክሲ ማውረጃ ከበሩ ራቅ ብሎ ይዘጋጅ። ቦታው ሲታይ እናንተ ሹፌሮቹ ብትመጡ ከማንኛችንም በተሻለ ታሳዩናላችሁ።

«ሙሉ ቀን ይሁን ካላችሁ ምሳ የት ይበላሉ?»

የከተማው የተማሪ ምገባ ከ2011 ጀምሮ የቅድመ አንደኛና የአንደኛ ደረጃ ልጆችን ነው የያዘው። የሁለተኛ ደረጃ ልጅ ምሳውን ይቋጥራል ወይም ቤቱ ይሄዳል። ሁለቱንም የማይችል ልጅ አለ፤ አውቃለሁ። አዲሱ ግቢ ውስጥ ጥላና መቀመጫ ያለው የምሳ ቦታ፣ የሚጠጣ ውኃ ይኑር። የሚያበላውን ጉዳይ እድሩና የእምነት ተቋሞቻችን ቢነጋገሩበት እወዳለሁ።

«ነባሩ ት/ቤት ያሉ ጎበዝ መምህራን ሁሉ ወደ አዲሱ አይሄዱም?»

ካልተጠነቀቅን ይሄዳሉ። ለዚህም ነው በመጀመሪያው ዓመት አዲሱ ት/ቤት 9ኛ ክፍልን ብቻ ይቀበል የምለው። 10ኛ፣ 11ኛና 12ኛ ያሉት ከጀመሩበት አይነቀሉ። መምህርም በየዓመቱ የሚያስፈልገውን ያህል እንጂ በጅምላ አይዛወርም።

«ጋሼ፣ እኔ 9ኛ ክፍል ነኝ። ት/ቤቱ እስኪሠራ እኔ ልጨርስ ነው። ለእኔ ምኑ ነው?»

ወረቀትሽን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው ልጄ።

እውነት ነው፤ አንቺ አዲሱ ግቢ ውስጥ አትማሪም። ግን አስቢው። መስከረም 2021 አዲሱ ሲከፈት አንቺ 12ኛ ትሆኛለሽ። በዚያ ዓመት አዲስ 9ኛ ክፍሎች ወደ እናንተ ግቢ ቢያንስ ግማሹ አይመጡም። የሚለቀቁት ክፍሎች ለእናንተ ይሆናሉ። ፈተናሽን የምትዘጋጂበትን ዓመት ያለ ፈረቃ ልትማሪ ትችያለሽ።

እስከዚያ ያሉትን ሁለት ዓመታት ግን ጠብቂ አልልሽም። ከወረቀትሽ ጀርባ «ቤተ መጻሕፍቱ 10 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እኛ የከሰዓት ፈረቃዎች ገብተን አናውቅም» ብለሽ ጽፈሻል። ይህ በጀት አይጠይቅም። ጠዋት ከትምህርት በፊት ለከሰዓት ተማሪዎች እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። እኔ በሳምንት ሦስት ጠዋት እዚያ ቁጭ ብዬ መጻሕፍት ላወጣና ልመልስ እችላለሁ። ሰኞ 3 ሰዓት ላይ ርዕሰ መምህሩን ለማነጋገር ቀጠሮ ይዣለሁ። ከሰዓት ፈረቃ ከሆንሽ ጓደኞችሽን ይዘሽ ነይ።